ጆንያ የለበሰው በርጩማ

አቶ ሙርሺድ ሄርማታ ገበያ ጀርባ ያለውን የሥራ ቤታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ እየጠረጉ ሳለ ዝናቡ ወረደ። የጅማ ዝናብ አያስፈቅድም። አንዲት ወጣት ሁለት ካርቶን አቅፋ እየሮጠች ገባችና ለካርቶኖቹ መሸፈኛ ስትፈልግ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ነገር የለበሰውን ጆንያ ገፍፋ አነሳች።

«ተይ! አትንኪ! አስተግፊሩላህ!» ብለው ጮኹ።

ከጆንያው ሥር ያለው ግማሹ የተጠረበ በርጩማ ነበር። መቀመጫው ወጥቷል፤ ሦስቱ እግሮች ግን ገና ከዋንዛው ግንድ ሆድ አልተለዩም። የአቶ ሙርሺድ አባት ያላለቀ በርጩማ ለሰው አያሳዩም ነበር። ዓይን ያረፈበት እንጨት ይሰነጠቃል ይሉ ነበር። ልጃቸውም ጸጉራቸው እስኪሸብት ድረስ ይህን ሥርዓት ሳያጓድሉ ኖረዋል።

«አፉ ይበሉኝ ጋሽ ሙርሺድ፣ አላወቅኩም» አለች ልጅቱ፣ ስማቸውን ከበሩ ላይ አንብባ። «ኢፍቱ እባላለሁ፤ የሊሙ ገነት ልጅ ነኝ። እዚሁ ጅማ ማርኬቲንግ ተምሬ አሁን የአባቴን ቡና እየቆላሁ በፓኬት እሸጣለሁ።»

«ማሻአላህ። በይ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ነገ ብትመጪ አታገኚኝም። ቤቱን ለአኒስ፣ ለፕላስቲክ ወንበር ነጋዴው ላከራየው ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ቁልፍ ሊወስድ ይመጣል።»

«ሥራውን ሊተዉት? ለምን?»

ሽማግሌው የሚጠይቃቸው ሰው አጥተው ነበርና ምሬታቸው ገነፈለ። እግሩ በኮላ የተጣበቀ በርጩማ ከአንድ ግንድ እንደወጣ ተደርጎ ይሸጣል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲቀመጥበት እግሩ ይወልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው በርጩማ ጠራቢ የተባለውን ሁሉ እንደ ሌባ ያያል። እሳቸው ወጥ በርጩማ እንደሚጠርቡ ቢምሉም የሚያምናቸው ጠፋ።

«ካለቀ በኋላ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም?» አለች ኢፍቱ።

«ቀለሙን ከጠጣ በኋላ ማን ይለየዋል?»

«ታዲያ ልዩነቱ የሚታየው መቼ ነው?»

«መቼ ይሆናል? እየተጠረበ ሳለ ነዋ!»

«እሱን ደግሞ እርስዎ ጆንያ ያለብሱታል።»

አቶ ሙርሺድ መጥረጊያቸውን አንስተው የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረጉ።

ኢፍቱ ስልኳን አወጣች። «ማሎ፣ እባክዎ ይህን ይዩልኝ። ሰሞኑን በቲክቶክ የተያዘ ትሬንድ ነው። ሰው ጥሬ ዕቃውን ያሳያል፣ አንዴ ያጨበጭባል፣ ያለቀው ይመጣል። ልብስ ሰፊው ብትን ጨርቁን፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ሊጡን ያሳያሉ። የእርስዎም ግንድ ቢሆንስ?»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ካሜራ ፊት ልጨፍር? ነገ መስጊድ ስገባ ሰው ምን ይለኛል?»

«ማን ጨፍሩ አለዎት? መጨፈሩን እኔ ሞክሬው አፍሬያለሁ። መጀመሪያ ስጀምር የወጣውን ዘፈን ሁሉ እየተከተልኩ የቡናዬን ፓኬት ይዤ እወዛወዝ ነበር። ተመልካቹ ለጉድ ነበር፤ ገዢ ግን የለም። አንዷ ምን ብላ ጻፈችልኝ መሰለዎት? ‹እጅሽ ላይ የያዝሽው ሻይ ነው?› አለችኝ። ያዩት እኔን እንጂ ቡናዬን አልነበረም። ኋላ ላይ አባቴ ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ በእጁ ሲያገላብጥ ቀርጬ፣ የቡናው ድምፅ ብቻ እንዲሰማ አድርጌ ለቀቅኩት። ተመልካቹ ቀነሰ፤ የሚደውለው ግን ቡና ፈላጊ ሆነ።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ዓይንስ? አባቴ የከለከለኝን እንዴት አድርጌ ለአገር ሁሉ አሳያለሁ?»

ኢፍቱ እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የተማረ ሰው የሽማግሌን እምነት ሲነካ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በድምፁ ነው፤ እሷ አልተሳሳተችም።

«ዓይን የለም አልልም፤ እኔም ሙስሊም ነኝ። ግን ከዓይን የሚጠብቀው ዱዓ ነው ወይስ ጆንያ? እስቲ ይንገሩኝ፣ ተሸፍኖ የተሰነጠቀ በርጩማ የለዎትም?»

«አለ» አሉ። «እርጥብ ግንድ ቸኩዬ ስጠርብ።»

«እንግዲያው የሰነጠቀው እርጥበቱ ነው። አባትዎ በጆንያው ሥራቸውን ጠብቀዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። በእሳቸው ዘመን በኮላ የሚያጣብቅ አልነበረም። ዛሬ ግን ጆንያው የሚጠብቀው አጭበርባሪውን ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ኢፍቱ ግን ካርቶኖቿን አንስታ አልሄደችም። አቶ ሙርሺድ እጃቸው ብቻ እንዲታይ፣ ዘፈንም እንዳይኖር ቃል አስገቧትና «ቢስሚላህ» ብለው መጥረቢያውን አነሱ።

«ግንዱን መጀመሪያ እናሳይ» አለች ስልኳን እያስተካከለች። «ሰው ጣቱን አንሸራትቶ ሳያልፈን ‹ይህ ግንድ ምን ሊሆን ነው?› ማለት አለበት። ከዚያ እግሩ ከሆዱ ሲወጣ። ማጨብጨቡ ከከበደዎት እንጨቱን አንዴ መታ ያድርጉት። ከትሬንዱ የምንወስደው ቅርጹን ነው፤ የሚታየው የእርስዎ ሥራ ነው።»

አኒስ ለቁልፉ ሲመጣ ሽማግሌው በእንጨት ፍልጥ ተከበው አገኛቸው። ታገሠኝ ሲሉት «በስልክ በርጩማ ሊሸጡ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ክፉ ሰው ስላልነበረ ግን እስከ ወር መጨረሻ እጠብቃለሁ ብሎ ሄደ።

ቪዲዮው አገር አላናወጠም። ግማሹ ተመልካች ሳቀበት፤ አንዱ ደግሞ «ሙጫውን የት ደበቅከው?» ብሎ ጻፈ። አቶ ሙርሺድ በቁጣ ሊያስጠፉት ፈለጉ።

«አይጥፋ» አለች ኢፍቱ። «እሱ የጠየቀውን ሌላውም በሆዱ ይጠይቃል። ሳንሰድበው በሌላ ቪዲዮ እንመልስለት።»

በሁለተኛው ቪዲዮ አቶ ሙርሺድ ያለቀውን በርጩማ ገልብጠው፣ የእንጨቱ ጭረት ከመቀመጫው ተነስቶ ሳይቋረጥ እስከ እግሩ ጫፍ ሲወርድ በጣታቸው ተከተሉት። ሰው ያመነው ይህን ነው። ከኮሌጅ አስተማሪዎች፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሰኮሩ ከተማም ሳይቀር ስልክ ይደወል ጀመር፤ የብዙዎቹ ደዋዮች ጥያቄ «የኔውንም እየተጠረበ አሳዩኝ» የሚል ነበር። ሰሞነኛው ትሬንድ አልፎ ሰው በሰው ላይ ውኃ የሚደፋበት ሌላ ሲመጣ አቶ ሙርሺድ ራሳቸው «ይሄ የእኛ አይደለም፣ ይለፈን» አሉ። አኒስም የሌላ ቤት ቁልፍ ፈለገ።

ከዕለታት አንድ ቀን ፈየራ በራቸው ላይ ቆመ። ፈየራ ከገበያው ማዶ የራሱ ሱቅ ያለው፣ ልጆች የሚያሳድግ ጎልማሳ ነው፤ በርጩማ በኮላ እንደሚያጣብቅም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አቶ ሙርሺድ ሊጣላ የመጣ መስሏቸው ተነሱ።

«አሁን ሰው የኔን አይገዛም፤ እየተጠረበ አሳየኝ ይለኛል» አለ ፈየራ፣ መሬት መሬት እያየ። «ቪዲዮዎን ደጋግሜ አየሁት ጋሽ ሙርሺድ። እግሩን ከሆዱ ማውጣቱ ግን እጄ ላይ እምቢ አለኝ። ኮላ የጀመርኩትም ወድጄ አይደለም። ልጅ ሆኜ እዚህ በር ላይ እየመጣሁ ስቆም በጆንያ ይሸፍኑብኝ ነበር።»

አቶ ሙርሺድ አዘኑ። ተራ ሥራ ቢሆን ኖሮ ኀዘኑ ባልበረታባቸው ነበር። ከዓይን ያዳኑት የመሰላቸውን ሙያ ከእጅም አርቀውት ኖረዋል፤ እሳቸው ሲሞቱ አብሯቸው ሊቀበር ነበር። ኢፍቱ ስለ ገዢና ስለ እምነት ብዙ ነግራቸዋለች፤ ሥራን በገሃድ ማሳየት ሐሰተኛውን እንደሚያጋልጥ፣ እውነተኛውን እንደሚያስከብርም ነግራቸዋለች። ሰው ማየት ከቻለ መማር እንደሚችል ግን እሷም አላሰበችውም።

«ግባ» አሉት። ግንድ አንከባለው ከፊቱ አቆሙለትና መጥረቢያቸውን በእጁ አስያዙት።

«አሁኑኑ?» አለ ፈየራ።

«አሁኑኑ። ስትሳሳት አጠገብህ ነኝ።»