በጠፋ ሞተር ስለተወረደው ቁልቁለት

የትራፊክ አደጋ ምርመራ ክፍል
የምስክር ቃል

ምስክር፦ የተጠርጣሪው አክስት (የእናቱ ታላቅ እህት)
ዕድሜ፦ 72
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ
አድራሻ፦ ከዳገቱ ራስ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት

እኔ ከላይ አድራሻዬ የተገለጸው ምስክር፣ ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ተጠርጣሪው የሥጋ ዘመዴ በመሆኑ ካልፈለግሁ ቃሌን ሳልሰጥ መሄድ እንደምችል መርማሪው ሁለት ጊዜ አስረድተውኛል። ሁለተኛውን ጊዜ እያዘኑልኝ እንደተናገሩ ገብቶኛል። ቢሆንም ቃሌን ለመስጠት የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው።

ተጠርጣሪውን ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በእኔ ቤት ይኖራል። በትክክል ለመናገር ግን ቤቱ የእኔ ይሁን እንጂ እንጀራው የእሱ ነው፤ ጡረታዬ ከወር ወር አያደርስም። የሚተዳደረው በዚያች አሮጌ ሚኒባሱ ከዳገቱ ራስ ቁልቁል ወደ መሀል ከተማ ሰው በማመላለስ ነው።

ቀደም ሲል የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች በሙሉ በድጎማ ዋጋ ነዳጅ ይቀዱ ነበር። ኋላ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንደሚነሳ ተነገረ፤ ቀጥሎም ከተወሰነ ዕድሜ በላይ የሆኑ መኪናዎች ጨርሶ ከድጎማው ወጡ። የእህቴ ልጅ መኪና ከወጡት አንዷ ናት። የመንገዱ ታሪፍ ግን ድጎማ ለሚያገኙት በተሠራው ሒሳብ ጸንቶ ቀረ። ስለዚህ በታሪፍ እየጫነ በገበያ ዋጋ የሚቀዳ ሰው ሆነ። ከታሪፍ በላይ ቢጠይቅ ይቀጣል። ጉዳዩን ለማስረዳት ወደ ቢሮው ሄዶ አዲስ መኪና ግዛ የሚል መልስ ይዞ ተመልሷል። በመጀመሪያ ረዳቱን አሰናበተ፤ በረዳቱ ፈንታ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሒሳብ መቀበል ጀመረች። ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ።

የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ በአንዱ ጠዋት፣ መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል፣ የእህቴ ልጅ ወደ ተሳፋሪው ዞሮ ትንሽ እንዲጨምሩለት ለመነ። እኔ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ከኋላ የመለሰችለት በዚህ አደጋ የሞተችው ሴት ናት። ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስለ ኑሮ ውድነት በየቀኑ መግለጫ ስለምትሰጥ ተሳፋሪው ሁሉ «ሚኒስትሯ» ይላታል።

«እኔ የሱሪ ማሳጠሪያ ዋጋ ብጨምር ደንበኞቼ ሱሪውን እየጎተቱ ይሄዳሉ እንጂ አይከፍሉኝም፤ ለአንተ ከየት አምጥቼ ልጨምርልህ ነው?» አለችው።

የእህቴ ልጅ ሚስት ከበሩ ላይ፣ «እና ሚኒስትሯ፣ መኪናው በጸሎት ይሂድ?» አለቻት።

«ዳገቱን በነዳጅ ይውጣ፤ ቁልቁለቱን በጸሎት ይውረድ! ሌሎቹ ሞተር አጥፍተው አይደል የሚወርዱት? ቁልቁለት ምን ነዳጅ ይጠይቃል?»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሥቄያለሁ። የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀም፤ «እሺ፣ ይሁን» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዳገቱ ራስ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከታች ሜዳው ላይ ሲደርስ ያስነሳል። ተሳፋሪውም በበኩሉ አንድ ልማድ አመጣ። ሞተሩ ሲጠፋ ወሬ ይቆማል። ማንም ዝም በሉ ያለ የለም፤ ዝምታው መኪናውን የሚያግዘው ይመስል ሁላችንም እስከ ታች አንናገርም። አንድ ጊዜ አዲስ ተሳፋሪ በስልክ ሲያወራ ሚኒስትሯ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ሞተር ጠፍቷል» ብላው ስልኩን ዘግቷል።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ያለው ሜካኒክ በግቢያችን ውስጥ የፍሬን ሸራውን ቀየረ። እኔ ከደጃፉ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበርና የተነጋገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሜካኒኩ፣ «ፍሬኑን አዲስ አድርጌልሃለሁ፤ ግን ይሄን ማጥፋትህን ተው። ሞተር ከጠፋ ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ ይታዘዝሃል፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው የምትረግጠው» አለው። የእህቴ ልጅም፣ «ምክርህን በጀሪካን ሞልተህ ስጠኝና በነዳጅ ፈንታ ልቅዳው» ሲል መለሰለት። ተሳሳቁ። ሜካኒኩ እጁን በአሮጌ ጨርቅ ጠርጎ፣ ለእኔ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

እሑድ ማታ ከማክሰኞ ጀምሮ ነዳጅ እንደገና እንደሚጨምር በሬዲዮ ተነገረ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ለደም ግፊቴ የምወስደውን መድኃኒት ለመቀበል በእህቴ ልጅ መኪና ተሳፈርሁ። የተቀመጥሁት እንደ ወትሮዬ ከእሱ አጠገብ፣ ሞተሩ ከሥሩ ባለበት ወንበር ላይ ነው። መንገዱ በካፊያ ርሶ ነበር። መኪናው ከዳገቱ ራስ ሲደርስ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ጠፋ። መርማሪው ሞተሩ መጥፋቱን በምን እንደማውቅ ጠይቀውኛል። ቁልፉን ሲያዞር በዐይኔ አይቻለሁ፤ ከሥሬ የነበረው ንዝረት ቆሟል፤ ከኋላ ያሉትም ሰዎች ዝም ብለዋል። ጎማው እርጥቡን አስፋልት ሲልሰው ይሰማ ነበር።

ቁልቁለቱ መካከል፣ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ጋር መንገዱ ይታጠፋል። ማደያው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ የነዳጅ ሰልፍ ከዚያ ተነሥቶ እስከ መታጠፊያው ሲደርስ በዕድሜዬ አላየሁም። በዚያ ቀን ግን ነገ ይጨምራል ስለተባለ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበርና፣ የሰልፉ ጅራት መታጠፊያውን አልፎ ወደ ላይ መጥቶ ነበር። ስንታጠፍ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ቆሞ ከፊታችን አገኘነው። የእህቴ ልጅ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ቀዝቀዝ አለ። ደግሞ ያዘ። ሦስተኛውን ሲረግጥ እግሩ አልሰጠመም፤ ወንበሩን ተደግፎ በሁለት እግሩ ቆመበት። መሪውን ወደ ግራ ለመጠምዘዝ ሲታገል የክንዱ ጅማት ተገታትሮ አየሁ። ቁልፉን ፈልጎ አዞረ፤ ሞተሩ ግን አልደረሰለትም። «ያዙ!» ብሎ ጮኸ። የፊቱን ክፍል አዳነ፤ የመኪናው የቀኝ ጎን ግን በሩ ላይ ከገልባጩ ጥግ ጋር ተላተመ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሚኒስትሯ ከበሩ ቀጥሎ ባለው መስኮት ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞታለች። የእህቴ ልጅ ሚስት ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች።

የእህቴ ልጅ በፖሊስ ከመወሰዱ በፊት ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ «እትዬ፣ አንቺ ተኝተሽ ነበር በያቸው፤ ምንም አላየሽም» አለኝ። በመኪና ውስጥ ተኝቼ እንደማላውቅ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ማክሰኞ የታክሲ ተራ አስከባሪው ቤቴ መጣ። የተነጋገርነው የሚከተለው ነው።

«እማማ፣ ሁሉም ሰው ቃሉን ሰጥቷል፤ ሞተሩ እየሠራ ነው ፍሬን የበጠሰው። እርስዎም እንዲሁ ይበሉ። ፍሬን ከሆነ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ልጅዎም ይወጣል። አጥፍቶ ነው ከተባለ ግን አለቀለት።»

«ፍሬን ከሆነ የሠራው ሰውስ?»

«እሱ ብቻውን ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ይችለዋል።»

«እናት አለችው።»

«እማማ፣ የራስዎን ሥጋ ያስቡ እንጂ! እውነትማ እያደር ይጠራል።»

«እያደር ሲጠራ ሰውየው ስንት ዓመት ታስሮ ነው?» አልሁት። ተነሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ረቡዕ ሜካኒኩ ተያዘ። ወደ ሐኪም ቤት ስሄድ እናቱ ከበሯ ደፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሰላም ስላት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ሁለት እጄን ያዘችና፣ «እህቴ፣ ያንቺም ልጅ የእኔም ልጅ እዚያው ናቸው አሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ያውጣልን» አለችኝ። አሜን ማለት ነበረብኝ። አላልሁም፤ እጄን ለቅቃ ፊቴን አየችኝ።

ስለሆነም የምመሰክረው ሜካኒኩ በሠራው ፍሬን ላይ ጥፋት አለመኖሩን፣ የእህቴ ልጅ አስቀድሞ ተነግሮት እንደነበረ፣ ቁልቁለቱንም ሞተር አጥፍቶ እንደወረደ ነው። ይህን ስናገር ማንን እንደማስር አውቃለሁ። የሁለቱን ልጆች ጉሮሮም እንደምዘጋ አውቃለሁ። ለልጆቹ አባታቸው የት እንዳለ እስካሁን አልነገርኋቸውም፤ ይህን ቃል ከሰጠሁ በኋላ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም።

መርማሪው ስለ ድጎማው፣ ስለ ታሪፉና ስለ ተሳፋሪው ስምምነት የተናገርሁት ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ስለሌለው ቢወጣ እንደሚሻል ነግረውኛል። እንዳይወጣ ጠይቄያለሁ። ቁልፉን ያዞረው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። አዙር ያልነው ግን እኛ ነን። በየቀኑ ዝም ብለን የወረድነውም እኛ ነን። ከመካከላችን አንድም ሰው «አንዴ አስነሣው» ያለ የለም። ይህ ካልተጻፈ ቃሌ ግማሽ ነው፤ በግማሽ ቃል ላይ አልፈርምም ብያለሁ። መርማሪው እንዲቆይ ፈቅደው፣ ከጎኑ «ለክሱ አግባብነት የለውም» የሚል ጽፈውበታል።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ መነጽሬን አድርጌም ራሴ አንብቤዋለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የገመትሁትን አላስጻፍሁም። ማንም አላስፈራራኝም፤ ማንም አልደለለኝም። እውነት መሆኑን አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________

ማስታወሻ፦ ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ ተጠርጣሪውን ለማየት ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። ተጠርጣሪው አክስቱ የሰጡት ቃል ፍሬ ነገር ከተነገረው በኋላ ሊያገኛቸው ፈቃደኛ አልሆነም። ምስክሯ ያመጡለት ምሳ እና አንድ የሱፍ ሹራብ በተረኛው ፖሊስ በኩል ተልኮለት፣ ምሳውን ሳይከፍት መልሷል። ሹራቡን አስቀርቷል።