የጽጌረዳ ሳሙና

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ካርቶን የታቀፈች ወጣት ተቀምጠዋል።

"ምንድን ነው የሚያለቅሰው ልጄ?"

"ቡችሎች ናቸው አባባ። ትንሿ ውሻዬ ትናንት ወለደች። ለእሷም ለእኔም የመጀመሪያችን ነው።"

"እናትየዋስ?"

"እዚህ እግሬ ስር ናት። አላጠባም ብላ ሐኪም ጋ እየወሰድኳቸው ነው።"

"ምን አደረግሻቸው?"

"ደም ነክቷቸው ነበር፤ አጠብኳቸው።"

"በምን?"

"በራሴ ሳሙና። ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት።"

"እኛ ላም ጥጃዋን እምቢ ስትል ጥጃው ላይ ጨው ነስንሰን እናስልሳታለን፤ እየላሰች ትለምደዋለች። አንቺ የልጆቿን ሽታ አጥበሽባታል።"

"ምን ላድርግ ይላሉ?"

"ጡቷን ጨመቅ አድርጊና ወተቷን ጀርባቸው ላይ ቀቢ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ እንዳሏት አደረገች፤ ቡችሎቹንም እናታቸው አጠገብ አስቀመጠች። ታክሲው እያወዛወዘን ብዙ ሄድን።

"አባባ፣ አንዱን እየላሰችው ነው።"

ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁትን፣ ጠረኗ ያለበትን ነጠላዋን አፍንጫዬ ላይ እንዳደረግኩ ወልድያ ገባሁ።