የሞተር ክፍሉ በር ስለተዘጋበት ሁኔታ

ስም፦ ዘመንፈስ ተስፋዝጊ
ዕድሜ፦ 59
አድራሻ፦ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሥራ፦ በመርከብ ጥገና ግቢ የእሳት ጠባቂ
ቃሉ የተሰጠው፦ ኦክቶበር 16 ቀን 2025፣ ዳውንታውን ኦክላንድ፣ በአማርኛ

እኔ ቃል ሰጪው በያጆች ሲሠሩ እሳት እንዳይነሳ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። ኦክቶበር 14 የሠራንባት መርከብ ለጥገና የገባች አነስተኛ የጦር መርከብ ነች። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ በፍጥነት እንድትሮጥ ከአሉሚኒየም የተሠራች ሆና ሚሳይልና ሰው አልባ ሄሊኮፕተር ትይዛለች። መርከበኞቿ አርባ ያህል ብቻ በመሆናቸው የሞተር ክፍል እሳት ለማጥፋት አንድ ሰው እንዲበቃ ተደርጋ ተሠርታለች። በሩን ዘግቶ ቁልፍ ሲጫን ክፍሉ በጋዝ ይሞላል። ጋዙ እሳቱን ያፍናል፤ ሰውም ያፍናል። ሠራተኛ ውስጥ ካለ ጋዙ እንዳይለቀቅ መቆለፍ ነበረበት። ያን ቀን ግን መቆለፊያው ለፍተሻ ተከፍቶ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስት በያጆች ከነበሩበት የሞተር ክፍል ጭስ ወጣ። ሦስት ሰዎች እያሳሉ ሲወጡ ቆጠርኩ። አንደኛው ከጎን ክፍል የመጣ ቀለም ቀቢ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ፎርማኑ ናዖድ በሬዲዮ "ሁሉም ወጥተዋል?" ሲለኝ "ሦስቱም ወጥተዋል" አልኩት። "ይዝጉና ይጫኑት" አለኝ። ዘግቼ ተጫንኩ።

ወዲያው በሩ ከውስጥ ሲንኳኳ ሰማሁ። እጄን መክፈቻው ላይ አድርጌ ለናዖድ ነገርኩት። "እንዳይከፍቱ! አየር ከገባ እሳቱ ይነሳል፤ ፋየር ዲፓርትመንት እየመጣ ነው" አለኝ። እጄን አነሳሁ። ማንኳኳቱ ጥቂት ቆይቶ ቆመ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ገብተው በያጁን ገረመውን በሩ ሥር ወድቆ አገኙት። ሞቷል። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነበር። በዲቪ የመጣ ነው። ሥራውን ስንጀምር "ጋሼ፣ ዛሬ ቶሎ እንጨርሳለን" ብሎኝ ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ናዖድ መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥቶ "ጋሼ ዘመንፈስ፣ ሲስተሙ ጋዙን በራሱ ሪሊዝ አደረገ ይበሉ። ለእርስዎም ለእኔም ይሻላል" አለኝ። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ። እስካሁን አላለቀስኩም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። በመጀመሪያ "ሲንኳኳ የሰማሁ መሰለኝ" ብዬ ያስመዘገብኩት "ሰማሁ" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው ሁሉ እንዳለ ይጽና። ሳልገደድ እውነቱን ተናግሬ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ________
የአስተርጓሚዋ እድላዊት ንጉሤ ፊርማ፦ ________
ቃል የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ ________