ደባል ከል ይለብሳል?

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ዝም ቢል ዓይንሽ ዝም አይልም» ይሉኝ ነበር አስተማሪዬ፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ከማቋረጤ በፊት። ልደታ በተከራየንበት ግቢ፣ ከእኛ ግድግዳ ወዲያ ሰናይትና ሮማን ይኖሩ ነበር። ለሰው ሁሉ ደባል ነን ነው የሚሉት። እኔ ግን አንዷ ስታመሽ ሌላዋ በር ላይ ቆማ መንገዱን እንዴት እንደምታይ አውቃለሁ፤ ባሌን እንዲያ ጠብቄው አላውቅም። ሰናይት ድንገት ታማ ሞተች። ቀብሩ አልፎ፣ ሰልስቱ አልፎ፣ ዘመድ ሁሉ ሲበተን ሮማን ከሏን አላወለቀችም።

አንድ ቀን የሰናይት አክስት ዕቃዋን ሊወስዱ መጡና ልጄን ከማጠባበት ደጃፍ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ድምፃቸው መለስለሱ ነው ያስጠረጠረኝ።

«የኔ ልጅ፣ ይቺ ሮማን የምትሏት ለሰናይት ምኗ ናት?»

«ደባሏ ናት።»

«ደባል ከል ይለብሳል? ባሏ የሞተባት እኮ ነው የምትመስለው። የጠረጠርኩት ከሆነ ለአከራዩ ነግሬ ዛሬውኑ ነው የማስወጣት።»

«በእኛ ግቢ ለጎረቤትም ከል እንለብሳለን፣ እትዬ» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

የራሴን ነጭ ሻሽ ትክ ብለው አዩት። «አንቺስ ታዲያ?»

«ጥቁሩ ታጥቦ አልደረቀልኝም።»

«እንግዲያው ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አሉና ተነሡ።

ከግቢው እንደወጡ ልጄን አዝዬ ሱቅ ሄድኩ፤ ጥቁር ቀለም ገዝቼ ሻሼን ዘፈዘፍኩት።