የጋሽ ዱጋሳ ኖራና የካራ ወርቅ ፈላጊዎች

ሰኔ 27 ቀን 2006 ዓ.ም.። እውነቱን ልናገርና... ይህን የጋሽ ዱጋሳን የጡረታ መሸኛ ንግግር የሥራ ባልደረባችን እትዬ አስካለች ያደርጋሉ ብዬ ነበር የመጣሁት። እሳቸው “ድምፄ ተዘግቷል” አሉ፤ ሲስቁ ግን እስከ ኮተቤ ይሰማል። ስለዚህ ከወረቀት አነባለሁ። ቀና ካልኩ መስመሩ ይጠፋብኛል።

ጋሽ ዱጋሳ እዚህ ችግኝ ጣቢያ ሥራ ሲጀምሩ እኔ አልተወለድኩም። ግን ሁልጊዜ ስለምታወሩት ያየሁት ይመስለኛል። ከነአህያቸው ነው የመጡት። እሳቸው ቢሮ ገብተው ሲፈርሙ አህያዋ አንድ መደብ ችግኝ ጨረሰች። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ሲጮኹባቸው፣ “ጌታዬ፣ አህያዬ መጥፎ ነገር አትበላም፤ ችግኛችሁ ጥሩ ነው ማለት ነው” አሉ።

ሰዓት ያስራሉ፤ ስንት ሰዓት ነው ስንላቸው ግን ፀሐይ ያያሉ። ችግኙን “እሰይ የኔ ልጅ!” ይሉታል፤ እኛን “አንቺ ድንጋይ!” ይሉናል። ይኸው እየሳቁ ነው፤ አይክዱም።

የዘንድሮው ግን ከአህያዋም ይብሳል። ሚያዝያ ላይ፣ ታች ዋናው መንገድ ላይ ለባቡሩ የሚቆፍሩ ሠራተኞች አንድ የጥንት የነሐስ መስቀል አገኙ። ወሬው እዚህ ካራ እስኪደርስ መስቀሉ ወርቅ ሆነ፤ የመስቀሉ ወንድሞችም እንጦጦ ላይ ተቀብረዋል ተባለ። ሰው ሁሉ አካፋ ይዞ ወደ ተራራው ወጣ።

እኛ ደግሞ ጭንቅ ላይ ነበርን። ዝናቡ ሳይገባ የዳገቱን የችግኝ ጉድጓድ ቆፍረን ካልጨረስን የቀን ሠራተኞች በሙሉ እንሰናበታለን ተብለናል። ጋሽ ዱጋሳ እንደ ልማዳቸው ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ሁሉ በኖራ መስቀል አድርገውበት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስንወጣ አንዱ መስመር ሙሉ በሙሉ ተቆፍሮ አገኘነው! ፈዬራ የሚባል ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ላቡ ይንቆረቆራል።

“አባቴ፣ ይሄን መስቀል ማን እንዳደረገው ያውቃሉ?” አላቸው።

እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ዱጋሳ እግሬን ረገጡኝ።

“እኔ ምን አውቄ? ግን አታጥልቀው፤ እስከ ጉልበት ይበቃል።”

“ከዚያ በታችስ?”

“ከዚያ በታች ድንጋይ ነው። ወደሚቀጥለው እለፍ።”

ያን ቀን ማታ ጋሽ ዱጋሳ የቀረውን ዳገት መስቀል በመስቀል ሊያደርጉት ሌላ ባልዲ ኖራ በጠበጡ። እትዬ አስካለች፣ “ኧረ አንተ ሰውዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነህ!” አሏቸው።

“ምን አጠፋሁ? እኔ ምልክት አደረግኩ። ቆፍሩ ያልኩት እናንተን ነው፤ እናንተ ዘገያችሁ።”

ኃላፊያችን አቶ ሂርጳ ወርቅ ፈላጊዎቹ ቆፍረው የጨረሱትን ዳገት ሲያዩ፣ “የዘንድሮ ቡድን እንዴት ጎበዝ ነው!” አሉ። አቶ ሂርጳ፣ ይኸው ዛሬ ሰሙት። ይቅርታ፤ ግን ጉድጓድ ጉድጓድ ነው።

ጋሽ ዱጋሳ፣ ያን ሰሞን እቤት ስገባ እናቴን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኝ ነበር። የኔ የቀን ሥራ ከቆመ ሌላ ገንዘብ የሚያስገባ የለንም። ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎ ግን አወቁብኝ። “አንቺ ድንጋይ፣ አይዞሽ፤ ሰው ወርቅ ሲፈልግ እንጀራሽን ቆፍሮ ያወጣልሻል” አሉኝ። ያኔ ሳላመሰግንዎት ቀረሁ። አሁን ልበል፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በሉ ሚሪንዳችሁን አንሱ። ለጋሽ ዱጋሳ! ጉልበትዎ አይክዳዎ፤ ጡረታዎ የእረፍት ይሁን፤ የልጅ ልጆችዎ ይሰሙዎት፤ እኛ አልሰማንዎትም።

ነገ ተከላ እንጀምራለን። ፈዬራና ጓደኞቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ችግኝ ሲያዩ መቆጣታቸው አይቀርም። ትናንት “ማን ይንገራቸው?” ሲባል ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እኔ እነግራቸዋለሁ። ነገ ከፊት ቆሜ፣ “ወርቅ የለም፤ ስለ ጉድጓዱ ግን በጣም እናመሰግናለን” እላቸዋለሁ።