ስታለቅስ ልስማት

በውጭ አገር፣ ክሬሰንት ታውን ከሚባለው ሰፈር በተነሳው አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እርጉዝ ወጣትና አጠገቧ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሴት አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«ስንተኛሽ ነው፣ ልጄ?»

«ሁለተኛዬ፣ እማማ። የመጀመሪያዋን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ባለፈው ጊዜ ዶክተሯ ‹እንደገና በኦፕራሲዮን ይሁን ወይስ በምጥ እንሞክር?› ብላ እኔን ጠየቀችኝ።»

«አንቺን? የተማረችው እሷ አይደለችም እንዴ!»

«እኔም ሥራዋን አታውቅም ብዬ ልቀይራት ነበር!»

«ብትቀይሪያት ደግ ነበር።»

«ኧረ ይስሙኝ! ዛሬ ደግሞ አፖይንትመንት ነበረኝ። የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት አስረዳችኝና ‹አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?› አለች። ‹ያኔ በማደንዘዣ አስተኝተውኝ ልጄ ስትወለድ ስታለቅስ አልሰማኋትም፤ ይህችን መስማት እፈልጋለሁ› አልኳት።»

«ታዲያስ?»

«በምጥ እንሞክራለን! ኦፕራሲዮን ግድ ከሆነም የሚያደነዝዙኝ ከወገቤ በታች ብቻ ነው፤ ነቅቼ እሰማታለሁ። ተስማማን!»

«እሰይ! እንደ እናቷ ከጮኸችማ እንኳን አንቺ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ይሰማታል!»

ከኋላቸው ተቀምጬ የአራቱን ልጆቼን የመጀመሪያ ለቅሶ አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ የሦስተኛውን ለቅሶ ግን ከትዝታዬ ፈልጌ አጣሁት።