በሁዳዴ የቀለጠው የዋልታ በረዶ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ባንቺአየሁ ይልቃል
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ
ሥራ፦ የምግብ ቤት ባለቤት
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ማርች 21 ቀን 2014 (በአስተርጓሚ)

ከትናንት በስቲያ የሰጠሁት ቃል ውሸት ስላለበት ላስተካክለው በራሴ ፈቃድ ቀርቤያለሁ።

ለይኩን ተስፋሁን የጭነት መኪና ሹፌር ሲሆን እንደ ልጄ የማየው ደንበኛዬ ነው። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቴ በር ላይ ፓርክ አድርጎ እየሮጠ ገባ። የጫነው ከደቡብ ዋልታ የምርምር ጣቢያ ተቆፍሮ የወጣ በረዶ እንደሆነ፣ ፓሳዴና ላለ ኮሌጅ እንደሚያደርሰው፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ ግን ፍሪዌይ ላይ እንደተበላሸበት ነገረኝ። «እትዬ፣ በእናትሽ እስከ ነገ ፍሪዘርሽ ውስጥ ይደርልኝ። ይሄ ከቀለጠ ሥራዬ አለቀ» አለኝ።

እኔም «ኧረ ምን ችግር አለው! ጓሮ ያለው የሥጋ ፍሪዘር ለሁዳዴ ባዶውን ነው፣ ክተተው» አልኩት። በረዶው ያለባቸውን ሦስት ሳጥኖች ከቶ ሌላ መኪና ፍለጋ ግሌንዴል ሄደ። ፍሪዘሩ ባዶ መሆኑን ሳስታውስ፣ ጾሙ ሲገባ መብራት እንዳይቆጥርብኝ ብዬ በገዛ እጄ ሶኬቱን መንቀሌን ረሳሁ። በየዓመቱ የማደርገው ነገር ነው። ምን እንዳደነዘዘኝ እንጃ።

ማክሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩን ስከፍት ሞቆ አገኘሁት። ሳጥኖቹን ከፍቼ ባይ በረዶው በየላስቲኩ ውስጥ ውኃ ሆኗል። ጉድ ፈላ! ሰው ምን ይለኛል ብዬ ላስቲኮቹን በቢላ ቀድጄ ውኃውን ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ሳጥኖቹን መልሼ አሸግኩና ሶኬቱን ሰካሁ። ለይኩን መጥቶ ሲያነሳቸው «ቀለሉብኝ» አለ። «ትናንት ደክሞህ ነው የከበዱህ» አልኩት። እሱም አምኖኝ ሄደ።

ኮሌጁ ሳጥኖቹን ሲከፍት የተቀደደ ባዶ ላስቲክ በማግኘቱ ለይኩን በስርቆት ተጠርጥሮ ከሥራ ታገደ። ፖሊስ ረቡዕ ሲጠይቀኝ ፍሪዘሬ ጠፍቶ እንደማያውቅና ሳጥኖቹን እንዳልነካሁ ተናግሬ ፈረምኩ።

ትናንት የኮሌጁ ተመራማሪ ሴትዮ ምግብ ቤቴ መጡ። ይቆጡኛል ስል ቁጭ ብለው አስረዱኝ። በረዶው እጅግ በጥንት ዘመን የወረደ ነው፤ የየዘመኑን ብርድና ሙቀት ከእሱ ነው የሚያውቁት። «ቢቀልጥም እንኳ ውኃው በየላስቲኩ ቢቆይልን ኖሮ ብዙ ነገር ይነግረን ነበር» አሉ። አፍሬ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ያኔም ግን አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ለይኩን ደወለ። «እትዬ፣ በኔ ጣጣ ፖሊስ ቤትሽ ድረስ ስለመጣብሽ ይቅርታ» አለኝ። ፖሊሶቹ እሷን ትጠረጥራለህ ወይ ብለው ሲጠይቁት «እሷ ጾመኛ ናት፣ አትዋሽም» ብሎ እንደመለሰላቸው ነገረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

በረዶውን ያቀለጥኩትም ላስቲኮቹን የቀደድኩትም እኔ ነኝ። ለይኩን የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ቃሌ በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፣ ያልኩት ይኸው ነው። በረቡዕ ቃሌ ሥር ያለው ፊርማም የኔው ነው። ለይኩን ሁለቱንም ያንብባቸው።

የምስክር ፊርማ፦ ባንቺአየሁ ይልቃል
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ሄራን መክብብ
ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ ____________